ቀላልና አስደሳች የካራኦኬ ዘፈን አመራረጥ፤ በጃፓን ታዳጊዎች ተተኳሪነት

አኅጽሮተ ጥናት

የዚህ ጥናት ዋና ዓላማ የጃፓን ታዳጊዎች ካራኦኬ ቤት ሲገቡ የትኛውን ዘፈን ቢመርጡ ሳይጨነቁ ዘፍነው፣ ሳያፍሩ ተቀምጠው፣ ሳይቀያየሙ ወደየቤታቸው ሊመለሱ እንደሚችሉ መፈተሽ ነው። ጥናቱ ገላጭ የምርምር ስልትን የተከተለ ሲሆን መረጃው የተገኘው ከዘፈኖቹ፣ ከማሽኖቹ፣ ከቤቱ ሥርዓትና ከመደመርና ማካፈል ብዙም ከማይርቅ ስሌት ነው። ውጤቱ አጥኚውን ቢያስገርምም ታዳጊዎቹን የሚያስገርም አይደለም። እነሱ ቀድመው ያውቁታል፤ ያልነገሩን ስላልጠየቅናቸው ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ካራኦኬ፣ ጉርምስና፣ እፍረት፣ ሜሎን ሶዳ።

1. የጥናቱ ዳራ

ኢኖኡዌ ዳይሱኬ በኮቤ ከተማ መጠጥ ቤቶች ውስጥ መዝፈን የሚወዱ ደንበኞችን በሙዚቃ እያጀበ የሚኖር ሰው ነበር። አንድ ደንበኛው «ለሽርሽር ስሄድ አብረኸኝ ሂድና አጅበኝ» ቢለው መሄድ ስላልቻለ ሙዚቃውን በቴፕ ቀድቶ ሰጠው። ደንበኛው በቴፑ ዘፈነ። ሙዚቀኛውም ከቤት ሳይወጡ ማጀብ እንደሚቻል ተረዳ። በ1971 (በዚህ ጥናት ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «8 ጁክ» የተባሉ፣ የ100 የን ሳንቲም የሚጎርሱ 11 ማሽኖች አሠርቶ ለኮቤ መጠጥ ቤቶች አከራየ። የፈጠራ ባለቤትነት መብት ግን አላወጣም። ከእሱ በፊት በ1967 ኔጊሺ ሺጌኢቺ ቶኪዮ ውስጥ ተመሳሳይ ማሽን ሠርቶ ነበር፤ በኋላ መብቱን በስሙ ያስመዘገበው ደግሞ ፊሊፒናዊው ሮቤርቶ ዴል ሮሳሪዮ ነው። ስለዚህ ካራኦኬ ከአንድ በላይ አባት አለው። ይህም ለሚወጣው ድምፅ ማንም ብቻውን ተጠያቂ እንዳይሆን ረድቷል።

ሳይንስን በቀልድ የሚያከብረው የኢግ ኖቤል ሽልማት በ2004 የሰላም ዘርፉን ለኢኖኡዌ ሰጠ። የተሰጠው ምክንያት ሰዎች እርስ በርስ መቻቻልን የሚማሩበት አዲስ መንገድ ፈጥሯል የሚል ነው። የዚህ ጥናት አቅራቢ ምክንያቱን እንደ ቀልድ አልወሰደውም። የጥናቱ ንድፈ ሐሳባዊ ማዕቀፍ እሱው ነው።

እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ካራኦኬ የመጠጥ ቤት ነገር ነበር። ዘፋኙ ከራባቱን ያላላ የቢሮ ሠራተኛ ሲሆን አድማጩ ደግሞ ሌላ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ ነገ የማያገኘው ሰው ነው። ከዚያ በኦካያማ ግዛት አንድ የጭነት ኮንቴይነር የመዝፈኛ ክፍል ተደረገና «ካራኦኬ ቦክስ» የሚባለው ተጀመረ። ለዘፈን በር ተገጠመለት። በሩ ሲዘጋ የማያውቁት ሰው መስማቱ ቀረ፤ የሚሰማው የሚያውቁት ሰው ብቻ ሆነ። ይህ ጥናት የሚመረምረው ችግር በሙሉ የመነጨው ከዚህ መሻሻል ነው።

ሁለተኛው መሻሻል በ1992 መጣ፤ ዘፈን በስልክ መስመር ወደ ክፍሉ ይላክ ጀመር። ቀድሞ ምርጫው ቤቱ ባሉት ዲስኮች ልክ የተወሰነ ነበር። ዛሬ ገበያውን የያዙት ሁለቱ ሥርዓቶች፣ ዳምና ጆይሳውንድ፣ እያንዳንዳቸው ከ200,000 በላይ ዘፈኖች ያቀርባሉ። አንድ ታዳጊ ሁሉንም አዳርሶ ለመዝፈን ቢነሳና ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ቢሰጥ፣ ሳይበላና ሳይተኛ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። የጃፓን የሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ክፍል ትምህርት በጠቅላላው 3 ዓመት ነው። ስለዚህ መምረጥ ግድ ሆነ።

2. የጥናቱ አነሳሽ ምክንያት

የመንፈቅ ዓመቱ አጋማሽ ፈተና አልቋል። አምስት ተማሪዎች የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለ ባለብዙ ፎቅ ካራኦኬ ቤት ገብተው፣ የተማሪ መታወቂያ አሳይተው፣ ቅናሽ አግኝተው፣ ቁጥር ያለው ክፍል ተሰጥቷቸዋል። ኮሪደሩ ላይ ካለው የመጠጥ ማሽን አረንጓዴውን ሜሎን ሶዳ ቀድተዋል። ክፍሉ ጠባብ፣ ሶፋው ረጅም፣ መብራቱ ደብዛዛ ነው። ሁለት ማይክሮፎንና አንድ ታምቡሪን አለ። ዘፈን የሚመረጥበት ታብሌት ጠረጴዛው መሐል ተቀምጧል። አምስቱም ያዩታል፤ አንዱም አይነካውም።

ጸጥታው ትንሽ ከረዘመ በኋላ አንዷ «አንተ ጀምር» ትላለች። የተባለው «ኧረ አንቺ ጀምሪ» ይላል። ታብሌቱ የአምስቱንም ጉልበት አዳርሶ ከተነሳበት ቦታ ይመለሳል። በአማርኛ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል። ይሁን እንጂ የክፍሉ ኪራይ የሚታሰበው በየ30 ደቂቃው ስለሆነ እዚህ ዝምታም ዋጋ አለው። አጥኚውን ለዚህ ሥራ ያነሳሳው ይህ የሚከፈልበት ትሕትና ነው።

3. የጥናቱ ጥያቄዎች

ጥናቱ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለመመለስ ይሞክራል፦

ሀ) ለታዳጊ ቀላል የሚባለው ዘፈን የትኛው ነው?
ለ) አስደሳች የሚባለውስ? ለማን ነው የሚያስደስተው?
ሐ) ሁለቱም በአንድ ዘፈን ላይ ሊገኙ ይችላሉን? ከተገኙስ ማን ቀድሞ ይዘፍነው?

4. የጥናቱ ወሰን

ጥናቱ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባሉ ተማሪዎች ላይ ብቻ ያተኩራል። በሰዓትም የተወሰነ ነው። የቶኪዮ የወጣቶች ደንብ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ካራኦኬ ቤት እንዳያስገቡ ስለሚከለክል፣ ጥናቱም በዚያ ሰዓት አይሠራም።

የአልኮል መጠጥ ተጽዕኖም አልተካተተም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ቢባልም፣ በጃፓን ብቅሉ የሚፈቀደው ከ20 ዓመት ጀምሮ ነው። የታዳጊውን ሆድ እንዲያወጣ የተሾመው ሜሎን ሶዳ ሲሆን፣ ይህ መጠጥ ከጋዝ በቀር ያወጣው ነገር አይታወቅም።

ከዚህ ሌላ የአባቶችና የአያቶች ዘፈን የሆነው እንካ ከጥናቱ ወጥቷል። እንካ በአብዛኛው በአምስት ድምፆች የሚሄድ ነው፤ የሚጠቀምበት ዋናው ስልት ከእኛው ትዝታ ማይነር ጋር ድምፅ በድምፅ አንድ ነው። ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ከጃፓን ዘፈን ሁሉ የሚቀርበውም ይኸው ነው። ታዳጊዎቹ ግን ስለማይዘፍኑት፣ አንባቢ ለዚህ ወሰን ሲባል የቀረበትን ደስታ በትዕግሥት እንዲቀበል ይጠየቃል።

5. የአጠናን ዘዴ

ጥናቱ መጠይቅ አልበተነም። ስለ ድምፁ የተጠየቀ የ15 ዓመት ልጅ «እኔ እንኳ አልችልም» ብሎ እንደሚመልስ፣ ችሎታው ምንም ይሁን ምን፣ ሳይጠየቅም ይታወቃል። በምትኩ ስሌት ተመርጧል።

አምስት ልጆች ለሁለት ሰዓት ገቡ እንበል። ሁለት ሰዓት 120 ደቂቃ ነው። አንዱ ዘፈን ከመግቢያው እስከ መውጫው 5 ደቂቃ ቢፈጅ 24 ዘፈኖች ይዘፈናሉ። ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ አምስት የማይሞላ ዘፈን ይደርሰዋል። ይኸውም አንድ ልጅ ማይክሮፎን የሚይዘው ለ24 ደቂቃ ነው ማለት ነው። የቀረውን 96 ደቂቃ ሲያዳምጥ ያሳልፋል፤ በተግባር ሲታይ ግን አንገቱን ታብሌቱ ላይ ደፍቶ የሚቀጥለውን ዘፈን ሲፈልግ ነው። ዘፋኝ የሚባለው ሰው ከጊዜው አራት አምስተኛውን ዘፋኝ አይደለም። ይህ አኃዝ ከዚህ በታች ለሚቀርበው ትንተና ሁሉ መሠረት ነው።

6. የመረጃ ትንተና

6.1 ቀላልነት ከድምፅ ከፍታ አንጻር

ቀላል ዘፈን ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የድምፅ ከፍታ ነው። የዘመኑ የጃፓን ወንድ ዘፋኞች ደግሞ ሰገነት ላይ ቆመው ነው የሚዘፍኑት። ኦፊሻል ሂጌ ዳንዲዝም በ2019 ያወጣው «ፕሪቴንደር»ም ሆነ ብዙዎቹ የሚስስ ግሪን አፕል ሥራዎች ለተራ ወንድ ጉሮሮ አያዝኑም። በዚያው ዓመት የወጣው የኪንግ ኑ «ሃኩጂትሱ» እንዲያውም ገና ከመነሻው በተሳለ ቀጭን ድምፅ ስለሚጀምር ዘፋኙ የሚሟሟቅበት ጊዜ አያገኝም። ይህን ሁሉ ሊዘፍን የተነሳው ልጅ 14 ዓመቱ ነው። ጉርምስና ድምፁን ሰብሮት ገና አልጠገነውም። ጠዋት የአባቱ ድምፅ ይወጣዋል፤ ከሰዓት በኋላ የእናቱ።

ለዚህ ችግር ማሽኑ መፍትሔ አለው። የዘፈኑን ቁልፍ ዝቅ የሚያደርግ ምልክት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢነኩት ዜማው ከሰው አቅም ጋር ይታረቃል። ነገር ግን ማሽኑ ያደረገውን ለውጥ ስክሪን ላይ ያሳያል። ጓደኞቹ ሁሉ ልጁ ስንት ደረጃ እንደወረደ ያያሉ። በዚህ ምክንያት ልጁ ወርዶ አጥርቶ ከመዝፈን ይልቅ ወጥቶ መሰንጠቅን ይመርጣል። መሰንጠቁ የዘፈኑ ጥፋት ነው ይባላል፤ መውረዱ ግን የእሱ።

የአይምዮን «ማሪጎልድ» (2018) ከዚህ አንጻር ምስጉን ነው። ረጋ ብሎ ይሄዳል፣ መሐል ድምፅ ላይ ያርፋል፣ ሴትም ወንድም ሳይንጠራራ ይደርስበታል። ይህ ሁሉ መልካምነቱ አንድ ጉዳት አስከትሎበታል፤ አምስቱም ልጆች ለመጠባበቂያ የያዙት እሱን ነው።

6.2 ቀላልነት ከትንፋሽ አንጻር

ሳፖሮ የሚገኘው ክሪፕተን ፊውቸር ሚዲያ የተባለ ኩባንያ በነሐሴ 2007 ሃትሱኔ ሚኩ የተባለች የድምፅ ሶፍትዌር ለገበያ አቀረበ። ሚኩ በ16 ዓመት ልጃገረድ አምሳል የተሳለች፣ ሳንባ የሌላት ዘፋኝ ናት። ደራሲያን ይህን ጠባይዋን አጢነው ትንፋሽ መውሰጃ የሌላቸው ዘፈኖች ጻፉላት። እሷም ሳታማርር ዘፈነች። እነዚያን ዘፈኖች እየሰማ ያደገው ትውልድ ግን ሳንባ ይዞ ካራኦኬ ቤት መጣ።

ነገሩ በሚኩ አላበቃም። በዚያ ሠፈር ያደጉ ደራሲያን ዛሬ ለሰው ይጽፋሉ። በ2019 መጨረሻ «ዮሩ ኒ ካኬሩ»ን ያወጣው የሙዚቃ ቡድን፣ የዮአሶቢ፣ ደራሲ አያሴ አንዱ ነው። ዘፈኑ ሲሰሙት እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ሲዘፍኑት ውሃው አፍንጫ ውስጥ ይገባል። አዶ ደግሞ «ኡሴዋ»ን በ2020 ስታወጣ ገና 17 ዓመቷ ነበር። ይህም በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዘንድ «እኩያችን ከሆነች እኛም እንችለዋለን» የሚል መላምት አስነሥቷል። መላምቱ እስከ መጀመሪያው አዝማች ድረስ ይጸናል።

ከሁለቱ ንዑስ ክፍሎች የሚገኘው መሸጋገሪያ ግኝት ይህ ነው፦ ታዳጊዎች አብዝተው የሚወዷቸው ዘፈኖች፣ ታዳጊዎች ሊዘፍኗቸው የማይችሏቸው ናቸው።

6.3 የሁለተኛው አንጓ ችግር

የካራኦኬ ስክሪን ደግ ነው። ግጥሙን ይጽፋል፤ ከቻይና የመጡት ከባድ ፊደላት አናት ላይ ቀላሉን የድምፅ ፊደል ይደርባል፤ ዘፋኙ የት መድረስ እንዳለበት ቀለም እየቀየረ ያመለክታል። ቃል ጠፋኝ ማለት አይቻልም። የሚጠፋው ዜማው ነው።

የችግሩ መንስኤ ታሪካዊ ነው። የጃፓን የቴሌቪዥን አኒሜ (የካርቱን ፊልም) መክፈቻ ዘፈን አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው የሚፈጀው። ታዳጊው ያን አንድ ደቂቃ ተኩል በየሳምንቱ እየሰማ አድጓል፤ በእንቅልፍ ልቡም ይዘፍነዋል። በስልክ ከሚያያቸው አጫጭር ቪዲዮዎች የለመደው ደግሞ ከዚያም ያነሰ፣ አዝማቹን ብቻ ነው። ስለዚህ የአኒሜ መክፈቻ የሆነውን የሊሳን «ጉሬንጌ» (2019) መርጦ ሲነሳ በኩራት ነው። መጀመሪያውን በድል ይወጣል፤ ጓደኞቹ ያጨበጭባሉ። ከዚያ ሁለተኛው አንጓ ይመጣል። ቃላቱ ስክሪኑ ላይ እየበሩ ያልፋሉ፤ ልጁ ግን አገሩን አያውቀውም። እየፈገገ፣ ማይክሮፎኑን ከአፉ ጥቂት አርቆ፣ አዝማቹ ተመልሶ እስኪያነሳው ይጠብቃል።

ይህን የተረዱት የካራኦኬ ኩባንያዎች አንዳንዶቹን የአኒሜ ዘፈኖች በቴሌቪዥኑ ልክ አሳጥረው አቅርበዋል። አጥኚው ይህን ከዘመኑ ሰብዓዊ አገልግሎቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል።

6.4 ቃል የሌለበት ሙዚቃ

በዘፈኑ መካከል ጊታር ብቻውን የሚጫወትበት ጊዜ አለ። በመድረክ ላይ ይህ የጊታሪስቱ ክብር ነው። በካራኦኬ ክፍል ግን ጊታሪስት የለም፤ ያለው ማይክሮፎን ይዞ የቆመ ተማሪ ነው። ይህ ጊዜ በሰዓት ሲለካ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም፤ ቆሞ ለሚያሳልፈው ግን ረጅም ነው። የሚታወቁት መውጫዎች ሦስት ናቸው፦ ሶዳ መጠጣት፣ «ይህቺ ክፍል ረዘመች» ማለትና ታምቡሪን መምታት። ሦስተኛው የሚመከር ቢሆንም ታምቡሪኑ አብዛኛውን ጊዜ የተያዘው መዝፈን በማይፈልገው ልጅ ነው። እሱም አይለቀውም፤ ታምቡሪን የያዘ ሰው ለምን አትዘፍንም ተብሎ አይጠየቅምና።

6.5 ማሽኑ እንደ ፈታኝ

ከላይ እንደተገለጸው ልጆቹ የመጡት ፈተና ጨርሰው ነው። ማሽኑ ይህን አያውቅም። ነጥብ መስጫው ከተከፈተ እያንዳንዱን ድምፅ ከዜማው ጋር እያስተያየ ያርማል፤ የድምፅ ንዝረቱን ይቆጥራል፤ በመጨረሻም ከ100 ውጤት ይሰጣል። የዳም ረቂቅ ነጥብ አሰጣጥ ውጤቱን እስከ ሦስተኛው አስርዮሽ ድረስ ያወጣል፤ በዚያ ላይ የመላው አገሪቱን አማካይ ከጎኑ ያስቀምጣል። በሒሳብ 61 አግኝቶ የመጣ ልጅ በዘፈን 78.426 አግኝቶ፣ ያውም ከአገር አማካይ በታች ሆኖ ይመለሳል። ትምህርት ቤት ውስጥ እንኳ ውጤቱ በጓደኞቹ ፊት፣ በሙዚቃ ታጅቦ አይነገርም።

ማሽኑ የሚያርመው ልክነትን እንጂ ደስታን አይደለም። እያንቀላፋ በልኩ የዘፈነ ከፍተኛ ነጥብ ሊያገኝ፣ ክፍሉን በሙሉ ያስነሣው ደግሞ ሊወድቅ ይችላል። ሁለተኛው ልጅ ስክሪኑን ሳያይ ለሚቀጥለው ተረኛ ማይክሮፎኑን ቢያቀብል ጥናቱ ይደግፈዋል።

6.6 አስደሳችነት፤ ለማን?

እስካሁን የታየው የዘፋኙ ችግር ነው። አሁን ወደ 96ቱ ደቂቃ እንመለስ። ክፍሉ ውስጥ በማንኛውም ሰዓት አንድ ዘፋኝና አራት ዘፋኝ ያልሆኑ ሰዎች አሉ። ድምፅ ቢሰጥ ዘፋኙ 4 ለ1 ይሸነፋል። እንግዲህ አስደሳችነት መለካት ያለበት በአራቱ ነው።

በዚህ መለኪያ ብዙ የተከበሩ ዘፈኖች ይወድቃሉ። ለምሳሌ የዩሪ «ድራይ ፍላወር» (2020) ላለቀ ፍቅር የሚያዝን ዘፈን ነው። የ15 ዓመት ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ሲዘፍነው፣ ገና ላልተጀመረ ነገር ማብቂያ እያለቀሰ ነው። አራቱ ጓደኞቹ ምን እንደሚያደርጉ አያውቁም። ማጨብጨብ ነውር ይመስላል፤ ማጽናናትም ምክንያት የለውም። ታብሌቱን ያነሳሉ።

የሚያልፉት ዘፈኖች አውጪና ተቀባይ ያላቸው ናቸው። የኦኪናዋው ሞንጎል 800 በ2001 ያወጣው «ቺሳና ኮይ ኖ ኡታ» ቃሉ አጭር፣ ዜማው ቅርብ፣ አዝማቹ ለጩኸት ክፍት ነው። የቫውንዲ «ካይጁ ኖ ሃናኡታ» (2020) አዝማቹ ሲደርስ ቁጭ ያለውን ያስነሣል። የብሉ ሃርትስ «ሊንዳ ሊንዳ» በ1987 የወጣ ነው፤ ለትምህርት ቤት በዓል ይህንኑ ለመጫወት ስለሚለማመዱ ሴት ተማሪዎች በ2005 ፊልም እስከመሠራት ደርሷል። ድምፅ የሌለው ሰው እንኳ ሊዘልበት ይችላል፤ ለመዝለል ድምፅ አያስፈልግም። የአኒሜው የኤቫንጌሊዮን መክፈቻ የሆነው የታካሃሺ ዮኮ «ዛንኮኩ ና ተንሺ ኖ ቴዜ» በ1995 ወጣ። የዛሬዎቹ ዘፋኞች ያኔ አልተወለዱም፤ ሆኖም የማያውቀው የለም። የሆሺኖ ጌን «ኮይ» (2016) እና የዳ ፓምፕ «ዩ.ኤስ.ኤ.» (2018) ጭፈራቸው አብሮ ስለሚታወቅ፣ አፍ የከለከለውን እግር ይሰጠዋል።

ሁሉም ነገር ያልሆነለት ታዳጊ ደግሞ ወደ ሕፃንነቱ ማፈግፈግ ይችላል። የልጆች አኒሜዎቹ የዶራኤሞንና የአንፓንማን ወይም በ1988 የወጣው የ«ቶቶሮ» ፊልም የጉዞ ዘፈን ለዚህ ተቀምጧል። እነዚህን አበላሽቶ መዝፈን አይቻልም፤ አበላሽቶ የዘፈነም ቀልዱ ነው ይባልለታል።

እዚህ ላይ ለጥያቄ «ሀ» መልስ ተገኘ። ቀላል ዘፈን ማለት አዝማቹ ሲደርስ ሌሎቹ ስለሚገቡበት የዘፋኙ ድምፅ የማይሰማበት ዘፈን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ አምስት ጎረምሳ ቢያብር አንድ የተሰነጠቀ ድምፅ ይሸፍናል።

6.7 ከማን ጋር?

ያው ዘፈን በአንድ ክፍል ፍቱን፣ በሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል። ከልብ ጓደኞች ጋር ከሆኑ ምንም ቢዘፈን ያልፋል። ሚያዝያ ላይ አዲሱ የትምህርት ዓመት ተጀምሮ ገና ስም ከሚያጠኑት የክፍል ልጆች ጋር ከሆነ ግን ዘፈኑ መታወቂያ ነው። ብዙዎች ታብሌቱ ላይ ያለውን የዘፈን ታሪክ ከፍተው ከእነሱ በፊት ክፍሉን የያዙት ሰዎች ምን እንደዘፈኑ አይተው ከዚያ ይመርጣሉ። በማያውቁት ሰው ፍርድ መደገፍ በራስ ፍርድ ከመውደቅ ይሻላል።

የላይኛው ክፍል ተማሪ፣ ማለትም ሴንፓይ፣ ካለ ሌላ ሕግ ይጨመራል። የሴንፓይ ዘፈን አይነካም። አሳንሶ መዝፈን ስድብ፣ አብልጦ መዝፈን ደግሞ የባሰ ስድብ ነው። የሚወዷት ልጅ ክፍሉ ውስጥ ካለች ጥናቱ የፍቅር ዘፈን አይመክርም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በማይክሮፎን ከወጣማ ማስተጋቢያ (ኤኮ) ተጨምሮበት።

6.8 የአስተናጋጁ መግባት

የተጠበሰ ድንች ያዘዘ ሰው ድንቹ መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። ዘፋኙ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንድ እጁን ዘርግቶ ከፍተኛው ድምፅ ላይ ሲደርስ በሩ ይከፈታል። አስተናጋጁ ይቅርታ ጠይቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሳህኑን አስቀምጦ ይወጣል። ሙዚቃው አልቆመም። ዘፋኙ ግን ድምፁን አውርዶ፣ እጁን ሰብስቦ፣ አንድ ነገር የሚያነብ ሰው መስሏል። አስተናጋጁ በቀን ውስጥ ከዚህ የባሰ እንደሚሰማ፣ ከሁሉም የሚበልጠውም እንደማይደንቀው ልጁ ያውቃል፤ ማወቁ አይጠቅመውም። በዚህ ሰዓት ጮክ ብሎ የሚቀጥል ዘፋኝ ካለ የብስለት ማስረጃ ሊሰጠው ይገባል።

6.9 ብቻን መዝፈን

ብቻን ካራኦኬ መግባት በጃፓን የተለመደ ነው፤ በ2011 ቶኪዮ ካንዳ ውስጥ ለብቸኛ ዘፋኞች ብቻ የሚያገለግል ቤት እስከመከፈት ተደርሷል። ታዳጊውም ብቻውን ይሄዳል። ተከራይቶ፣ ከፍሎ፣ ያንኑ ዘፈን ደጋግሞ፣ ሁለተኛውን አንጓ ሳይቀር ያጠናል። ከዚያ በሳምንቱ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ፣ ታብሌቱን በስንፍና አገላብጦ፣ «እስቲ ይችን ልሞክራት፤ ዘፍኛት አላውቅም» ይላል። ጓደኞቹም «በመጀመሪያ ሙከራህ?» ብለው ይደነቃሉ። እነሱም ሳምንቱን የት እንደነበሩ አልተናገሩም።

7. ማጠቃለያ

ጥናቱ ቀላል ዘፈን ፍለጋ ተነሥቶ ቀላል ዘፈን አላገኘም፤ ቀላል የሚያደርጉ ሰዎች አገኘ። ታዳጊው ከ200,000 ዘፈን ውስጥ የሚፈልገው ጉሮሮውን የሚመጥን አይደለም። የሚፈልገው እሱ ሲደክም ሌሎቹ የሚያነሱለትን ነው። አስደሳች ዘፈንም አራቱ አድማጮች የራሳቸውን ተራ መፈለግ የሚረሱበት ነው። ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ዘፈን ላይ ይገናኛሉ፤ ያ ዘፈን ሲመጣ ግን ማን እንደመረጠው አይታወቅም፤ ሁሉም ይዘፍኑታልና። የኢግ ኖቤል ዳኞች መቻቻል ያሉት ይህን ከሆነ፣ የሰላም ሽልማቱ በቦታው ነው።

8. የይሁንታ ሐሳቦች

ከላይ በቀረቡት ግኝቶች መሠረት የሚከተሉት ይመከራሉ፦

አንድ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ታዳጊ «ቺሳና ኮይ ኖ ኡታ»ን ይምረጥ። ቀድሞ የመረጠው ካለ «ማሪጎልድ»ን። እሱም ከተወሰደ ታምቡሪኑን ቀድሞ ይያዝ።

ሁለት፤ ቁልፍ ዝቅ ማድረግ ውርደት አይደለም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይረሳል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ግን እስከ ምረቃ ይነሳል።

ሦስት፤ ሁለተኛውን አንጓ የማያውቁት ዘፈን አይመረጥ። ከተመረጠም ማቆሚያውን መንካት ይቻላል፤ ማንም አይከስም።

አራት፤ ነጥብ መስጫው በፈተና ሳምንት ይዘጋ።

አምስት፤ ጊዜው ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ይደወላል። የመጨረሻው ዘፈን የአንድ ሰው አይሁን።

ስድስት፤ ሌላው ሲዘፍን ከታብሌቱ ቀና ብሎ ማየት ክፍያ የለውም። ከዚህ ጥናት አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ አንባቢ ካለ ይህን ይውሰድ።

በመጨረሻም ወላጆች የዚህን ጥናት ውጤት ለልጆቻቸው ከማንበብ እንዲቆጠቡ፣ ተከትለዋቸውም ካራኦኬ ቤት እንዳይገቡ፣ ከገቡም እንካ እንዳይመርጡ አጥኚው በአክብሮት ያሳስባል።